«ሁሉም ወጣት ተጋብዟል» ስንል

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለአጋሮች የቀረበ ንግግር



የሥራ አመራር ኮሚቴው በመጪው ክረምት ለአካባቢያችን ወጣቶች ስለምናዘጋጀው መድረክ ሐሳቤን እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ስለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ዕቅድ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፤ አንድ እሑድ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ሦስት መቶ ወጣት፣ የክብር እንግዳ፣ ባነር፣ ቲሸርትና ምሳ። በማስታወቂያው ረቂቅ ላይ ደግሞ በትልቁ «ሁሉም ወጣት ተጋብዟል» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምናገረው «ሁሉም» ስለምትባለው ቃል ነው። ገንዘቡ ገና አልወጣም፣ አዳራሹም ገና አልተያዘም፤ ዕቅዱን ለመለወጥ ጊዜ አለን።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ፒያሳ ላይ ሲለጠፍ ማን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ቤት የሚማር፣ ስልክ የያዘ፣ የወረዳውን አዳራሽ የሚያውቅ፣ ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት የለመደ ወጣት ይመጣል። ከእነሱም ወንዶቹ ይበዛሉ። ይምጡ፣ ልጆቻችን ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ማስታወቂያውን ያላየው፣ ወይም አይቶ «ይሄ ለኔ ዓይነቱ አይደለም» ብሎ የሚያልፈው ልጅ ነው። ሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ፣ መስማት የተሳነው ልጅ፣ ዊልቸር ላይ ያለው፣ በ19 ዓመቷ ልጅ ታቅፋ ቤት የቀረችው፣ ቅዳሜና እሑድ ጫማ ካልጠረገ እራቱን የማይበላው ሊስትሮ። እነዚህን ከቆጠርን በኋላ «ሁሉም» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ይታየናል።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የወጣት ፕሮግራሞች ማን ዘንድ እንደሚደርሱ ተመርምሮ ነበር። በስም ለወጣት የተዘጋጀው አገልግሎት በብዛት የሚደርሰው ዕድሜያቸው ከፍ ላሉትና ለወንዶች ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሰሞን በከተማዋ ድሃ ሰፈሮች በተደረገ ጥናት ደግሞ ከገጠር የመጡ፣ ከወላጅ ርቀው የሚኖሩ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ታዳጊ ሴቶች ተገኙ። ከእነሱም አንዳንዶቹ ያለ ዕድሜያቸው ሊድሯቸው ሲሉ ሸሽተው የመጡ ነበሩ። ፕሮግራሞቹ ግን ደጃፋቸው ላይ እያሉ አይደርሷቸውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው በ1998 ዓ.ም. «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው። መንግሥት ፖፑሌሽን ካውንስል ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆኖ ከትምህርት ቤት ውጭ ለሆኑ ታዳጊ ሴቶች ያቋቋመው ነው፤ በኋላም ባሕር ዳርንና ጎንደርን ወደመሳሰሉ ከተሞች ተስፋፋ። ለዛሬው ጉዳያችን ትልቁ ነገር ልጆቹን ያገኙበት መንገድ ነው። ልጆቹ ራሳቸው እንዲመጡ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ከሰፈሩ የተመረጡ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ በየቤቱ ማን እንዳለ ጠየቁ፣ ያገኟትን ልጅ አነጋገሩ፤ ልጅቷ ተቀጣሪ ከሆነች አሠሪዋን፣ ዘመድ ዘንድ ያለች ከሆነች ዘመዷን አግባብተው አስፈቀዱ። መሰብሰቢያውን የሰጠው ቀበሌ ነው። እዚያ ፊደል ተማሩ፣ ስለ ጤናቸው ተማሩ፣ ከሁሉም በላይ ግን እኩዮቻቸውን አገኙ። ከሰው ቤት ወጥታ የማታውቅ ልጅ በከተማው ውስጥ አንዲት ጓደኛ የላትም፤ ቢከፋት የምትሄድበት የላትም። ጓደኛ ማግኘት በኛ ሪፖርት ውስጥ ዓምድ የለውም እንጂ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። አሠሪ፣ አሠሪ እያልኩ ነው። ለመሆኑ አሠሪዎቹ እነማን ናቸው? እኛው ነን። ከመካከላችን ሠራተኛ የቀጠረች አለች። ያልቀጠረችውም ቢሆን «የእህቴ ልጅ ናት፣ ላስተምራት ነው ያመጣኋት» የምትላት ልጅ ቤቷ አለች። ስሟ የዘመድ ልጅ ነው፤ ሥራዋ ግን ሊጥ ማቡካት፣ ውኃ መቅዳት፣ ሕፃን ማዘል ነው። ማታ ትምህርት ቤት ከሄደችም ተመስገን ነው። እኛ አዳራሽ ተቀምጠን ስለ ወጣት ሴቶች መብቃት ስናጨበጭብ ቤታችንን የምትጠብቀው እሷ ናት። ስለዚህ ከወጣቶቹ ቀድመን መጥራት ያለብን ራሳችንን ነው። እኔ የማቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ ይህ ነው፤ እዚህ ያለን እያንዳንዳችን በቤታችን ያለችውን ልጅ በመድረኩ ቀን ነፃ እናድርጋት፤ ከደመወዟም አንቁረጥባት። ይህን ሳናደርግ የጎረቤታችንን በር ብናንኳኳ መልሱ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

የጎረቤትን በር ስናንኳኳም አነጋገሩን እናስብበት። «መብቷ ነው» ብሎ የሚጀምር ንግግር በሩን ያዘጋል። «እትዬ፣ እንደምን ከረሙ። እኛ የዚህ ሰፈር ሴቶች ማኅበር ነን። ቤትዎ ያለችውን ልጅ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል እንዲሰጡን ልንለምንዎ ነው፤ እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ እኔ ራሴ እመልሳታለሁ» ብትሏት ሌላ ነገር ነው። ሰዓቱ ይታወቃል፣ ወሳጇ ትታወቃለች፣ ልጅቷ ሳይመሽ ትመለሳለች። አሠሪዋ የምትፈራው ልጅቷ ደላላ እጅ ገብታ እንዳትጠፋባት ነው፤ ስጋቷን ንቀን ካለፍነው ልጅቷን አናገኛትም። ከመድረኩ በኋላም ተመልሳችሁ «እናመሰግናለን፣ እንዲህ እንዲህ ተማረች» በሏት። ለሚቀጥለው ጊዜ በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል።

ከሀገራችን ውጭም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሰሜን ናይጄሪያ፣ ሐውሳ ተናጋሪዎች በሚበዙባት በዛሪያ ከተማ፣ ከአህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ የልጃገረዶች ትምህርት ማዕከል አለ። የዚያ አካባቢ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሴት ልጅ በለጋ ዕድሜዋ ትዳራለች፤ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከወንዶች ጋር ተቀላቅላ እንድትሰበሰብ አይፈቅድም። የማዕከሉ ሴቶች ይህን ሲያዩ «ባህሉ አስቸጋሪ ነው» ብለው ልጆቹን አልተዉም። ከወላጆችና ማላም ከሚሏቸው የሃይማኖት መምህራን ጋር ተነጋግረው ይሁንታ ያገኛሉ፤ ልጆቹም በሰፈራቸው፣ የሰፈራቸው ሰው በሆነች ሴት መሪነት በቡድን ይሰበሰባሉ። ቁልፉ ያለው ማን ጋ እንደሆነ ዐውቆ እሱን መጠየቅ ነው። በኛም ሰፈር ቁልፉ አንዳንዴ አሠሪዋ ጋ፣ አንዳንዴ አባት ጋ፣ አንዳንዴ የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም ጋ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቃል፣ ከጁምዓ በኋላ አንድ ቃል ከሃምሳ ፖስተር ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። እሑድ ጠዋት ተብሏል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከዚያ ዕድር አለ፣ ሰው ሁሉ ቤት ስለሚውል ለቤት ሠራተኛዋ ከባዱ ቀን ነው። እሷ እፎይ የምትልበት ሰዓት የምሳ ዕቃ ታጥቦ እራት እስኪጀመር ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የማታ ትምህርት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ለእሷ ይመቻል፤ ለሊስትሮው ግን ገበያው ነው። ለእሱ የሥራ ቀን ከሰዓት ይሻላል። አያችሁ፣ አንድ ቀን ለሁሉም አይሆንም። ስለዚህ ሁለተኛው ሐሳቤ ትልቁን ቀን በአራት ትንንሽ ከሰዓቶች እንክፈለው ነው። አንዱን ለቤት ሠራተኞችና ለወጣት እናቶች፣ አንዱን በጎዳና ላይ ለሚሠሩ ወንዶች፣ አንዱን ለተማሪዎች፣ የመጨረሻውን ሁሉም በአንድነት የሚገናኙበት። ኮሚቴው «ትልቁ ቀን ድምቀት አለው» እንደሚል ዐውቃለሁ። ድምቀቱን አልጠላም። ነገር ግን የመጨረሻው ቀን የሚያምረው በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተገናኙት ልጆች ተዋውቀው፣ አፋቸውን ፈትተው ሲመጡ ነው። የቤት ሠራተኛዋን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጎን በመጀመሪያው ቀን ብታስቀምጧት አንድ ቃል ሳትናገር ትሄዳለች።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የ15 ዓመት ልጅና የ29 ዓመት ጎልማሳ በአንድ ክብ ተቀምጠው ስለ ወር አበባ ወይም ስለ ደላላ ይነጋገሩ ማለት ትንሿን ዝም ማሰኘት ነው። የውይይት ቡድኖቹን በዕድሜና በጾታ እንለያቸው።

ምግቡን በሚመለከት አጭር ነገር ነው። ሥጋ እንተው። ነሐሴ መግቢያ ላይ ካደረግነው ፍልሰታ ነው፤ ካልሆነም ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ፆም ባይሆን እንኳ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ተብሎ ሁለት ገበታ ይዘረጋል፣ ልጆቹም በበሉበት ይለያያሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ከሆነ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። መክፈቻውም በአንድ ሃይማኖት ጸሎት አይሁን፤ እያንዳንዱ በልቡ ይጸልይ። መጸዳጃ ቤቱ ውኃና ሳሙና ይኑረው፣ ሞዴስም ይቀመጥ።

አዳራሹ ግን ብዙ ያነጋግራል። የታሰበው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የፒያሳ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ከአዋጁ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ደረጃቸው ቀጥ ያለ፣ በራቸው ጠባብ ነው። «ጎረምሶች ይሸከሙታል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። በሰው ፊት እንደ ጆንያ ተሸክመውት ገብቶ ስለ ራስ መቻል የሚማር ልጅ ምን እንደሚሰማው አስቡት። የወረዳውን ምድር ቤት አዳራሽ እንጠይቅ። ከመወሰናችን በፊትም አንዲት ዊልቸር የምትጠቀም ልጅ ይዘን እንሂድና እሷ ትሞክረው፤ ከታክሲ መውረጃው፣ በኮብልስቶኑ በኩል፣ እስከ መጸዳጃ ቤቱ። በሩ ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር ስፋት ይኑረው። ደረጃ ካለና የእንጨት መወጣጫ የምናሠራ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር ከፍታ 120 ሳንቲሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ካጠረ ይንሸራተታል። አናጢው ይህን ካልነገሩት ሳንቃ ጥሎ ነው የሚሄደው።

አካል ጉዳተኛ ልጆችን ስንፈልግም ጥያቄያችን ይታሰብበት። ቤት ለቤት ሄዳችሁ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ብትሉ «የለም» ይሏችኋል፤ ከሐፍረትም፣ ከፍርሃትም። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ለቆጠራ ያዘጋጃቸው ጥያቄዎች ሌላ ዓይነት ናቸው። ማየት የሚቸግረው አለ? መስማት? መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት? ማስታወስ? ራሱን መንከባከብ? ሰው የሚለውን መረዳትና ራሱን ማስረዳት? እንዲህ ሲጠየቅ እናት «እ... ትንሿ ልጄ ሲጠሯት አትሰማም» ትላለች። ብሩህ ተስፋም ዘግይቶ «ብሩህ ተስፋ ለሁሉም» በሚል አካል ጉዳተኛ ልጃገረዶችን ጨምሮ ሠርቷል።

ስለ የትነበርሽ ንጉሤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች። ዕውርነቷ ያለ ዕድሜ ጋብቻ አስመልጦኛል ትላለች፤ ማየት የተሳናትን ልጅ ማን ያገባታል ተብሎ ትምህርት ቤት ተላከች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ የሴት ተማሪዎችን ማኅበር መርታ፣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኘች። እኔን ከታሪኳ የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። አንድ ሰው ያችን ልጅ ከቤት አውጥቶ ትምህርት ቤት ባያደርሳት ኖሮ ዛሬ ስሟን አናውቀውም ነበር።

መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ማስተርጎም አይችልም፤ ክንዱም አእምሮውም ይደክማል። በየሃያ ደቂቃው የሚቀያየሩ ሁለት ይሁኑ፣ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይረፍ፣ ንግግሮቹ አስቀድመው ይላኩላቸው፣ የሙያ ዋጋቸውም ይከፈል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ ሙያ እንጂ ጽድቅ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ መስማት የተሳነው ልጅ ግን መደበኛውን ምልክት ላያውቅ ይችላል፤ እሱ ከእህቱ ወይም ከጓደኛው ጋር ይምጣ። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውም ለማያዩት በድምፅ ይነበብ።

ቋንቋ ስል የንግግር ቋንቋም አለ። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከከምባታ የመጣች ልጅ አማርኛዋ ሲሳቅበት ዝምታን ትመርጣለች። ይህ አራዳ የጉራጌ፣ የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የዓረብ ነጋዴ እያንዳንዱ በየአፉ እየተናገረ ያቀናው ሰፈር ነው፤ እዚህ በአንድ ሰው አማርኛ መሳቅ ሰፈሩን አለማወቅ ነው። በትንንሽ ክብ ስትቀመጥ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ትናገር፤ የሀገሯ ልጅ ታስተርጉምላት።

ዶሮ ማነቂያንና አካባቢዋን አንርሳ። በ2016 ዓ.ም. ቤቶቹ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። ልጆቹ ግን ዛሬም «ሰፈራችን» የሚሉት ፒያሳን ነው፤ ጓደኞቻቸው እዚህ ናቸው። እነሱን ከጠራን የታክሲ ገንዘብ በዕለቱ በእጃቸው እንስጥ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በደረሰኝ አንበል።

ለአጋሮቻችን ሁለት ነገር፣ በአክብሮት። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። በሪፖርታችን ስንት ወጣት እንደመጣ ትጠይቁናላችሁ፤ ስለዚህ እኛም አዳራሽ የሚሞላልንን እንጠራለን። ሦስት መቶ ተማሪ በአንድ ቀን መሰብሰብ ቀላል ነው። አርባ የቤት ሠራተኞች ለማምጣት ግን ሁለት ሳምንት በእግር መዞር ያስፈልጋል። እነማን መጡ፣ ከመካከላቸው ስንቶቹ ከዚህ በፊት በማንም አልተጠሩም፣ እሱን ጠይቁን። ወጪውም ይለወጣል፤ የቲሸርቱና የባነሩ ገንዘብ ለአስተርጓሚ፣ ለታክሲና ለእንጨት መወጣጫው ይዙር። ቲሸርቱ በወሩ ወለል መወልወያ ሲሆን አይተነዋል። ሁለተኛው ፎቶ ነው። ከአሠሪዋ ተለምና የመጣች ልጅ ፎቶዋ ፌስቡክ ላይ ከወጣ መመለሻዋ ይጠፋል። የእጆቻቸውን፣ የሥራቸውን ፎቶ እንልክላችኋለን፤ ፊታቸውን ግን ያለ ፈቃዳቸው አንልክም።

የክብር እንግዶችም ይምጡ፣ ግን በመጨረሻው ቀን፣ ለመስማት። ወጣቶቹ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ አምስት ደቂቃ እንሰጣቸዋለን። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ፤ እኔ ግን የምሬን ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ቤት ለቤት ለመሄድ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ሁለት ሁለት ሆነን በሰራተኛ ሰፈርና በደጃች ውቤ እንጀምራለን፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ አሥር ቤት ነው። ስድስቱ ጥያቄዎች በወረቀት ተባዝተዋል፤ ማንበብ የሚቸግራት እናት ከምታነብ ጋር ትጣመራለች፤ ቤቱን ሁሉ የምታውቀው እሷ ናትና። ሕፃናት ለሚያዝሉት ወጣት እናቶች ደግሞ ልጅ የሚይዙ አራት እናቶች እፈልጋለሁ፤ ፍራሹን እኔ አመጣለሁ። ሰኞ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ግቢ እንገናኝ፣ ቡና ይፈላል።